ጋሼ ይሸለሙ

የሰው መልካም ሥራ ሳይሸለም ሲቀር የራሱ ንብረት የተሰረቀ የሚመስለው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እዚህ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ የተሸከሙት ክቡር ጡረተኛው ጋሼ ይሸለሙ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ "እኚህማ ይሸለሙ" ሲሉ ስለሚውሉ ይሄኛው ተለጠፈባቸው።

ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ ለሕዝብ በጎ የሠሩትን ይሸልማል፤ እጩ መጠቆም ለሁሉም ክፍት ነው። ጋሼን ቦይ የጠረገ ሰው እንኳ አያመልጣቸውም። አንዴ የአውቶቡስ ሹፌር ሞተር አልነሳ ብሎት ቢቆም፣ "አሮጊቶችን ጠበቀ" ብለው ጠቁመውታል። ምስክር ሲያስፈልጋቸው ወደ ሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ ይሄዳሉ። እሱም ደንበኛውን በግማሽ ጭንቅላት ጥሎ መሸሽ ስለማይችል ያዳምጣቸዋል፤ በልቡ ግን ሰልችቶታል።

ዘንድሮ ተራው የሲስተር ነበር። ሲስተር ከሆስፒታል ስትመለስ በየቤቱ ዞራ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፤ ክፍያ ብሎ ነገር አታውቅም። የጸጉር አስተካካዩን አባት እግር ያዳነችው እሷ ናት። አሁን ልጇ ዘንድ ልትኖር ሰፈሩን ልትለቅ ነው፤ ጋሼ ሳትሸለም ከሄደች ሁላችንም እናፍራለን ባይ ናቸው። ስሟን ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጥተው፣ ድንገት ሊያስደስቷት ብለው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ዘጉ። መዘዙም ከዚያ መጣ።

ማዘጋጃ ቤቱ አጣሪ ላከ። አንድ የማይታወቅ ሰው ቦርሳ አንጠልጥሎ መጥቶ፣ ሲስተር ቤት ለቤት መርፌ ትወጋ እንደሆነ ሲጠይቅ ጸጉር አስተካካዩ ክው አለ። ያለፈቃድ ታክማለች ተብላ ልትከሰስ መሰለው።

"ሲስተር? እንኳን መርፌ ልትወጋ ሰላምታም አትሰጠን" አለ።

ባለሱቋም ያንኑ ደገመች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሳይመካከር አንድ ቃል ሆነ። የሲስተር ስም ከእጩዎች ዝርዝር ተሰረዘ።

ጋሼ ይህን በሰሙ ጊዜ ጸጉር ቤቱ መጥተው፣ ሲስተርን ለሽልማት ጠቁመዋት እንደነበር ተናገሩ። ጸጉር አስተካካዩ ነገሩ ሲገባው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ "ለእሷ ብላችሁ ነው፤ የደበቅኳችሁ እኔ ነኝ" አሉ። ይሄኔ ጸጉር አስተካካዩ ቤቱን ዘግቶ፣ ባለሱቋን አስከትሎ አጣሪው ቢሮ ገባ።

"ዋሽቼዎታለሁ ጌታዬ። ልትወስዷት መስሎን ነው። አባቴ ዛሬ ቆሞ የሚሄደው በእሷ ነው።"

አጣሪው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ስሟን መለሰው።

በሽልማቱ ቀን ሲስተር ሜዳሊያ ሲያጠልቁላት አለቀሰች። የጠቆማት ሰው ስም አልተነሳም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ጸጉር አስተካካዩ ዞር ሲል ጋሼ ከኋላ ረድፍ ቆመው፣ መዳፋቸው እስኪቀላ ያጨበጭባሉ። እኚህ ነዝናዛ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ሲያጨበጭቡ፣ ለእሳቸው ያጨበጨበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ፣ ወደ እሳቸው እያየ ማጨብጨብ ጀመረ።

ጋሼ ደነገጡ። "ወደ ፊት ዙር እንጂ ልጄ፣ ተሸላሚዋ እዚያ ናት" አሉት።

አልዞረም።