የአጎቴ ሰንጢ ዜግነት

እኛ ሰፈር አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ የሀበሻ መሆን አለበት። ዶሮው የሀበሻ፣ ነጭ ሽንኩርቱ የሀበሻ፣ እንቁላሉም የሀበሻ፤ እሱም ቢሆን ሻይ ውስጥ ተነክሮ መልኩን የቀየረ የፈረንጅ እንዳይሆን ይመረመራል። ኪስ ውስጥ የሚገባው ደግሞ የግድ ከውጭ መምጣት አለበት። ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ፤ ስምንተኛ ክፍልን በጭንቅ ያለፍኩ ልጅ ነኝ። ብቻ ሾላ ገበያ ዝንጅብል ስለምሸጥና ዝም ስለምል ብዙ እሰማለሁ። ዝም የሚል ሰው ፊት ነጋዴ ድምፁን አይቀንስም።

አጠገቤ ጋሽ ሸምሱ ሰንጢ ይሸጣሉ። ከጃንጥላቸው ጥላ ግማሹን ለእኔ ለቀውልኛል። ጣውላቸው ላይ ሁለት ዓይነት ሰንጢ አለ። የውጩ ያብረቀርቃል፤ ስለቱ ላይ ማንም የማያነበው ጽሑፍ አለው፤ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ ይከፈታል። የአገር ውስጡ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ መልኩ ጥቁር፣ እጀታው ቀንድ፣ ለመክፈት ጥፍር የሚያስቸግር። ደንበኛ ሁሉ የሚያነሳው የሚያብረቀርቀውን ነው፤ የሚጠረጥረውም እሱኑ። "እውነት የውጭ ነው ወይስ እዚሁ ጽፈውበት ነው?" እያለ ፊደሉን በጥፍሩ ይፍቃል፣ ያሸታል። አንዱማ ሲነክሰው አይቻለሁ። ሲጫኑት ተመልሶ ይታጠፍ እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ ከድር መጣ። እንጦጦ ችግኝ ጣቢያ ቅርንጫፍ ሲከረክም ይውላል። ጠቋሚ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የሚያብረቀርቀው ሰንጢው ሥራ ላይ ታጥፎበት ነው። አለቃው አንድ ጣት ከደገመ በሌላ ሰው እንደሚተካው ነግሮታል። ታዲያ አጎቴ ከዚህ ምን የተማረ ይመስላችኋል?

"ያ አስመስለው የሠሩት ነበር" አለ። "አሁን ዋናውን የውጭ ይስጡኝ፣ ጋሽ ሸምሱ።"

"ይኸው ዋናው" አሉ፣ የዚያኑ መንትያ እያቀበሉት።

መናገር ፈለግኩ። ግን ሰው መሀል ምላሴ ይታሰራል። ደግሞስ በሰው ጃንጥላ ሥር ተቀምጬ የሰውየውን ዕቃ ላጣጥል? ከዝንጅብሌ ደረቁንና ወፍራሙን መርጬ አነሳሁ።

"ጋሼ፣ ይቺን በዚያ ሰንጢ ይቁረጡልኝ። ደንበኛ ውስጡን ማየት ይፈልጋል።"

ጋሽ ሸምሱ ዝንጅብሉን አዩ፣ ሰንጢውን አዩ፣ የገዛ ጣታቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ጥቁሩን ባለ ቀንድ አወጡ። ዝንጅብሉ ለሁለት ተከፈለ።

አጎቴ ዓይኑን አጠበበ። አልሐምዱሊላህ፣ ገባው አልኩ።

"አሃ" አለ። "ዋናውን የውጭ ለራስዎ ደብቀው ለእኛ ቆርቆሮ ይሸጡልናል?"

"ይሄ እኮ እዚሁ ኮተቤ የተሠራ ነው። ይኸው፣ ወንድሙ ጣውላው ላይ አለልህ።"

"ያማ የአገር ውስጥ ነው፣ መች አጣሁት። እኔ የኪስዎን ነው የምፈልገው። የጥንት የጣልያን ብረት ሳየው አላውቅም እንዴ?"

ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ዝንጅብሌ አየሁ። የኪሳቸውን በውጭ ዋጋ ሸጡለት፤ ከጣውላው አንዱን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ።

ትናንት ምሳ ላደርስለት እንጦጦ ወጣሁ። ባልደረቦቹን ሰብስቦ "እንዲህ ያለ ብረት እዚህ አገር አይሠራም" እያለ ስለቱን ያሳያቸዋል። ፋሻው ተፈትቷል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አሥሩንም ጣቶቹን አየሁና ምሳውን አስቀምጬ ወረድኩ።