አንድ እግር በረባሶ

መርካቶ ውስጥ የማይሸጥ ነገር የለም ይባላል። ውሸት ነው፤ ምክር አይሸጥም። በነፃ ይታደላል፣ አልፈልግም ብትሉ እንኳ ተከትሏችሁ ታክሲ ድረስ ይመጣል። መኪናችሁ መንገድ ላይ ትንሽ ካስነጠሰች ደግሞ አለቀላችሁ። በርበሬ ነጋዴው ሐኪም፣ ተሸካሚው ሐኪም፣ ዕድሜ ልኩን ከእግሩ ሌላ ምንም ነድቶ የማያውቀው ሁሉ ሐኪም ይሆናል።

እኔ ምክር የለኝም። ምን አለሽ ተራ ቁጭ ብዬ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ስቆርጥ አረጀሁ። ‹ስንት ቁጥር?› እላለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ‹በጤና አድርገው› እላለሁ፤ በቃ። ፊደልም አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ‹አባባ፣ በቀን አሥር ቃል የማትናገር ሰውዬ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?› ትለኛለች። ከየት ይመጣል? ሳልናገረው የተጠራቀመ ነዋ!

ሰው ግን ዝምታዬን ጥበብ አድርጎ ይቆጥረዋል። ጎረቤት ሲጣላ ሽማግሌ ብለው መሐል ያስቀምጡኛል። እኔ ስለ ምሳዬ ሳስብ እነሱ ‹ጋሽ ወልዴ ነገሩን እያብላላው ነው› ይላሉ፤ በመጨረሻ ደክሟቸው ይታረቃሉ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ የለ? እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባብኝም። የገባብኝ ሌላ ነው።

ሀጂ ነስሩ የሚባሉ ወዳጅ አሉኝ፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ድስትና ብርድ ልብስ ይነግዳሉ። በጉልምስናቸው የገዟት አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና አለቻቸው። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ፣ ሆዷ ከመሬት ብዙም የማይርቅ። ሀጂ ደግሞ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ሲገቡባት የሚነዷት ሳይሆን የሚለብሷት ነው የሚመስለው። ልጃቸው ሰሚራ ስትወለድ ከሆስፒታል ያመጧት በዚህችው መኪና ነው። ያን ቀን ‹ስትዳሪም በዚህችው ነው የማደርስሽ፣ ወላሂ!› ብለው ማሉ። ጨቅላዋ ተኝታ ነበር፤ መሐላውን የሰማው ግን ብዙ ነው።

እንግዲህ ሰርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ጠዋት መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አንደኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ሲለቁት ወባ እንደያዘው ሰው ትንዘፈዘፋለች። መስታወቱ ይንቀጫቀጫል፣ የሀጂ ቆብ ዓይናቸው ላይ ይወርዳል። አንዴ መንገድ ከያዘች ምንም የለባት፤ ችግሩ ቆማ ስትነሳ ነው። መርካቶ ውስጥ ደግሞ መኪና በየሁለት ክንዱ እየቆመ አይደል የሚነሳው? ሰሚራ አንዴ ተሳፍራ ሞከረችና ወረደች። ‹አባ፣ በዚህ ከሄድኩ ተገድጄ የመጣሁ ነው የምመስለው። ሰው እየተንቀጠቀጠ ባል ቤት ይገባል? የኪራይ መኪና ይምጣ› አለች። ሀጂ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ወደ ሱቅ ሄዱ። ያን ቀን ሱቃቸው የገባ ደንበኛ ሁሉ ሳይከራከሩት ገዝቶ ወጣ፤ የነጋዴ ሐዘን ከዚህ በላይ የለም።

በማግስቱ መኪናዋን እኔ ደጃፍ አቁመው መካኒኩን ጌቱን ከአብነት ሰፈር አስጠሩ። እሱ እስኪደርስ ነፃው ምክር ዘነበ። አንዱ የጎማ ቡሎን ላልቷል አለ። አንዱ ዓይን በልቷታል፣ ቀይ መኪና ሰርግ ሲደርስ ከዓይን መደበቅ ነበረባት አለ። አንዱ ደግሞ ‹ሀጂ፣ እስከ እሑድ ሥጋ ይተዉ፣ ቀለል ይላታል› ብሎ ሸሸ። ጌቱ መጣ፣ አስነሳት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ወረደ። ያልቆሸሸ እጁን በጨርቅ ጠረገ። መካኒክ ንጹሕ እጁን ከጠረገ ወሬው መጥፎ ነው። ‹ሀጂ፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ዘይት ነክቶታል። የማርሹ ካምቢዮ መውረድ አለበት። አንድ ሳምንት በሉት፤ ያውም ዕቃው ከተገኘ። የዚህችን መኪና ዕቃ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች እንኳ አሁን በሕይወት የሉም› አለ።

ሀጂ የጎማ ክምሬ ላይ ቁጭ አሉ። ‹ወልዴ› አሉኝ ቀስ ብለው፣ ‹ወላሂ ብያለሁ እኮ።›

እኔም እንደ ልማዴ ጎማዬን መቁረጥ ቀጠልኩ። ይህን ጊዜ አንድ ባለ ጋሪ ‹መንገድ!› ብሎ ጮኸና ጌቱ መኪናዋን ወደ ኋላ መለሳት። በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ተንሸራተተች። አየሁ። አፌ ሳያማክረኝ ተከፈተ።

‹ወደ ኋላ አልተንቀጠቀጠችም› አልኩ።

ሦስት ቃል! ባለ ጋሪው ጋሪውን አቁሞ አየኝ። አንዱ ‹በቃ፣ ሙሽራዋን ወደ ኋላ እየነዱ ማድረስ ነዋ!› አለና ሰፈሩ በሳቅ ተናጋ። ጌቱ ግን አልሳቀም። ጥፋቱ ከፍሪሲዮኑ ቢሆን ወደ ኋላም ባልማረችን ነበር ብሎ ኮፈኑን ከፈተ። ሀጂን የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ አንደኛ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቅ ያድርጉ አላቸው። ለቀቅ ሲያደርጉ ሞተሩ በአንድ ጎኑ ብድግ አለ፤ ስብሰባ ላይ ‹እኔ የምለው አለኝ› ብሎ እንደሚነሳ ሰው። ቁጭ አለ፣ ደግሞ ብድግ። ‹አገኘሁት! ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ነው፣ በዚህ በኩል አልቋል! ካምቢዮ ማውረድ የለም!› አለ ጌቱ። ሀጂ አልሐምዱሊላህ አሉ። ሰዉም ‹ዝም ያለ ሰው እንዲህ ነው!› እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገው። ምን ልደብቃችሁ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌያለሁ።

ጌቱ ሞተሩን በክሪክ ደገፈ፣ እጁን ከሥር ሰደደ፣ አንድ ጥቁር ነገር መዞ አወጣ። ዘይት ጠጥታ ያበጠች፣ መሐሏ የተሰነጠቀ ጎማ ናት። ከፍ አድርጎ አሳየን። ፊቷ ሰፋ፣ ወገቧ ቀጠን፣ ተረከዟ ክብ። የማሰሪያ ቀዳዳም አላት፤ ቡሎኑ የገባው በአውራ ጣቷ በኩል ነው።

‹ይሄን ደግሞ የትኛው አህያ ነው ያስገባው?› ብሎ ጮኸ ጌቱ።

‹አንተ ነህ› አሉት ሀጂ፣ ‹ዓምና፣ ለጊዜው ብለህ።›

እኛ ዘንድ ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። እኔ ራሴ ምን አለሽ ተራ የተቀመጥኩት ለጊዜው ነው።

‹ጫማ የምታህል ወፍራም ጎማ አምጡ አልከኝ፣ እኔም ጫማ አመጣሁ። የማን ሥራ መሰለህ?› አሉና ሀጂ ዞር አሉ። ከእሳቸው ጋር ሰፈሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ዓምና መጥተው ‹አርባ ሦስት ቁጥር፣ አንድ እግር ብቻ› ብለውኛል። ቀኝ ነው ግራ ብላቸው ‹ማንኛውም ይሆናል› አሉ። መጠየቅ የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። ማንኛውም የሚሆነው የትኛው እግር ነው? እኔ ግን አንድ እግሩን ያጣ ዘመድ አላቸው፣ ቁስላቸውን አልነካካም ብዬ ቆረጥኩ። ስሰጣቸው ‹አላህ ያሽረው› አልኩ፤ ‹አሚን› አሉ። ለካ ለሞተር ኖሯል! ያንን ምስኪን ዘመድ ዓመት ሙሉ በጸሎቴ ሳስበው ከረምኩ።

‹ለመኪና መሆኑን ለምን አልነገሩኝም?› አልኳቸው። ‹አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?› አሉኝ። ‹ቢነግሩኝ ከጭነት መኪና ጎማ ወፍራሙን እቆርጥልዎ ነበር! የበረባሶ ጎማ ስስ ነው፣ የሚሸከመው ሰው እንጂ ሞተር አይደለም!› አልኩ። ሰፈሩ ደነገጠ፤ በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ስናገር ሰምቶ አያውቅማ።

ወፍራሙን ቆረጥኩ። ጌቱ ቦታው ላይ አስሮ ሲጨርስ ‹ለጊ...› ብሎ ሊጀምር ሲል ሀጂ በዓይናቸው አፉን አስዘጉት። እሑድ ቀይዋ መኪና ሰሚራን ይዛ በደጃፌ አለፈች። ግርግሩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆማ ሦስት ጊዜ ተነሳች፤ የሀጂ ቆብ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ወዲህ ዝምታ ይብቃኝ፣ ደንበኛን ጠይቄ ነው የምቆርጠው ብዬ ወሰንኩ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ከጎማ ክምሬ ማዶ አንገቱን ብቅ አድርጎ ‹ጋሼ፣ አርባ አንድ ቁጥር፣ አንድ እግር ብቻ› አለኝ። ፈገግ አልኩ። አሁን ማን ሊያታልለኝ! ‹ገብቶኛል፣ ገብቶኛል› አልኩት፣ ‹አሮጌ ነው አዲስ? ሲነሳ ይንቀጠቀጣል?›

ሰውየው በምርኩዙ እየተደገፈ ክምሩን ዞሮ መጣ። ጎንበስ ብሎ ያለችውን አንዲት እግሩን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ።

‹አሮጌ ነው ጋሼ› አለኝ፣ ‹ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።›