ሦስት መቶ አሥራ ስምንተኛው እጅ

እጅ ማለት ከትከሻ የሚጀምርና በአምስት ጣቶች የሚያልቅ የአካል ክፍል ነው። ሰው በተለምዶ ሁለት አለው። በአንዱ ይጎርሳል፣ በሁለቱ ይሠራል፤ የሚያከብረውን ሰው ሲጨብጥም ቀኙን በግራው ይደግፋል። በደርግ ዘመን እጅ አንድ ሥራ ተጨመረለት፤ ይቆጠር ጀመር። ዋናው ነገር መነሣቱ ነው። ከማን ትከሻ እንደተነሣ ብዙም አይጠየቅም።

በዚያ ዘመን ምርጫ አልነበረም የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ነበር እንጂ! እንዲያውም በዝቶብን ነበር። የቀበሌ ሊቀመንበር ምርጫ፣ የሴቶች ማኅበር ምርጫ፣ የኅብረት ሱቅ ኮሚቴ ምርጫ፣ ኮሚቴውን የሚቆጣጠር ኮሚቴ ምርጫ። ነቀምት ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እጄን ያነሣሁትን ያህል ጠመኔ አላነሣሁም። ችግሬ ሌላ ነበር፤ አባልም፣ ዕጩ አባልም፣ ደጋፊም አልነበርኩም። «ጓድ መምህር፣ ወገንህ ከማን ነው?» ሲሉኝ «ቤቴ ከወፍጮው ጀርባ ነው» ብዬ አልፋለሁ። እንዲህ ያለ ከማንም ያልወገነ ሰው ሁለት ዕጣ ነበረው፤ ወይ ይጠረጠራል፣ ወይ ድምፅ ቆጣሪ ይደረጋል። እኔን ሁለቱም ደረሱኝ።

ወደ ምርጫው ከመግባቴ በፊት ስለ ስም መዝገቡ ልንገራችሁ። የቀበሌያችን መዝገብ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት አዋቂዎችን ይዟል። መዝገቡ ከተከፈተ ወዲህ ግን አንዳንዱ በሌሊት ወደ ሱዳን ጠረፍ ሄዷል፤ አንዳንዱ «ለአምስት ደቂቃ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ወጥቶ አምስቱ ደቂቃ ዓመት ሆኖበታል። ስማቸው አልተሠረዘም። ለመሠረዝ ምክንያት መጻፍ ያስፈልጋል፤ የሚፈቀዱት ምክንያቶች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሞት ነው፤ ለዚህ አስከሬን ያስፈልጋል። ሁለተኛው መኮብለል ነው፤ የኮብላይ ቤት ለቀበሌው ገቢ ይሆናል። ስለዚህ ስም በተጠራ ቁጥር ቤተሰቡ «ጂራ!» ይላል፤ በአገሩ ቋንቋ «አለ» ማለት ነው። ጠሪው ቀና ብሎ አያይም። ምልክት ያደርግና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሰውየው አለ።

እሑድ ጠዋት ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ቀድሞ ጸሎት ቤት ስለነበረ፣ መፈክሩ ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ መስቀሉ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። አግዳሚዎቹም የድሮዎቹ ናቸው። ሰውም ማንም ሳያዘው በድሮ ቦታው ይቀመጣል፤ ባል ከሚስቱ፣ አባት ከልጁ አጠገብ። የሌሉትም ቦታቸው አልተነካም። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ሕዝቡ ተጠጋግቶ ተቀምጦ፣ በየረድፉ ግን አንድ አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ አለ። ማንም እጁን እንኳ አያሳርፍበትም። እኔ ክፍት አግዳሚ አይቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ተጠብቆ የተቀመጠ ግን አላየሁም።

ስም ተጠራ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ «አለ» ተባለ። አናጺው ዳባ ሲጠራ ሚስቱ አዴ ጫልቱ፣ ከጎኗ ባለው ክፍት ቦታ ላይ ዓይኗን ጥላ፣ «ጂራ» አለች። ዳባን ምሳ ከሚበላበት ጠርቶ የወሰደው የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ጓድ ግርማ ነበር። ከየትኛውም ቢሮ ብትጠይቅ «እኛ ዘንድ የለም» ነው መልሱ። ከነልጆቿ የምትኖርበት ቤት የቆመው በዚያች «ጂራ» ላይ ነው።

የዕለቱ የቀበሌ ሊቀመንበርነት ዕጩም ያው ጓድ ግርማ ነበር። ከበላይ የተላከው ካድሬ «ሌላ ጠቋሚ አለ?» ብሎ ለደንቡ ጠየቀ። ለደንቡ የተጠየቀን ጥያቄ መመለስ ነውር ነው። ባለሱቁ ጋሽ ሽኩር ግን ተነሡ።

«እኔ ልብስ ሰፊውን ኦቦ ቶሌራን እጠቁማለሁ።»

«ምክንያት?»

«ሰው ይለካል፤ ሰው አይነካም።»

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ሳል አስመሰለው። ካድሬው ሰዓቱን አየ። ከሰዓት በኋላ አርጆ ላይ ሌላ ምርጫ ይጠብቀዋል፤ መንገዱም ጭቃ ነው። «ይሁን፤ ከቶሌራ ጀምር» አለኝ።

ቆጠርኩ። አንድ መቶ ሃምሳ፤ ከእኔ ጋር አንድ መቶ ሃምሳ አንድ። አልዋሻችሁም፣ ልቤ ደነገጠ። ይህችን ቁጥር ኋላ ማንም እንዳይሸራርፋት ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ በቀለም ጻፍኳት፤ በፊደልም ደገምኳት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ለጓድ ግርማ አንድ መቶ ሠላሳ ስድስት እጅ ተነሣ። ኦቦ ቶሌራ አሸንፎ ነበር፤ ራሱ ግን ሊቀበር እንደሚወሰድ ሰው አቀርቅሯል።

ካድሬው ወረቀቱን ተቀበለኝና ደመረ። «ጓድ መምህር፣ የሁለቱ ድምር ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ነው። ተገኝቷል የተባለው ሰው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። ሠላሳ አንዱ የት ገባ?»

ሠላሳ አንዱ ፊቱ ነበሩ። ሕዝቡ ሁሉ ያየው ወደ እነሱ ነው፤ ወደ ክፍቶቹ ቦታዎች።

«ተሳስቼ ይሆናል» አልኩ። «ሁለቱንም እንደገና ልቁጠር?»

«የቶሌራ በቀለም ተጽፏል። ቃለ ጉባኤ ሥርዝ ድልዝ አይወድም።» ፈገግ አለ። «የጓድ ግርማን ብቻ ድገም። አሁንም ካልሞላ ስም እየጠራሁ አንድ በአንድ አስነሣለሁ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያን ቀን ወረቀቱም ሞኙም እኔ ዘንድ ነበሩ። ላልተገኙት ሰዎች የቀረላቸው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ለጓድ ግርማ እጅ ማንሣት።

«ለጓድ ግርማ» አልኩ።

የመጀመሪያዎቹ እጆች ተነሡ። ከዚያ ዝናቡ ጋብ ያለ መሰለኝ፤ ምናልባት ጆሮዬ ነው። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት ግራ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ልጃቸው ይቀመጥበት ከነበረው ክፍት ቦታ በላይ ቀጥ አድርገው አነሡት። ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ። ሁሉም ግራ ነው፤ ሁሉም ሰው በሌለበት ቦታ ላይ የቆመ ነው። ከፊት ሆኖ ለሚያይ፣ እጆቹ ከባዶው አግዳሚ ራሱ የበቀሉ ይመስላሉ። በመካከላቸው እያለፍኩ ቆጠርኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ሰው በሌለበት ቦታ ላለመደገፍ እየተጠነቀቅኩ እንደሆነ ታወቀኝ።

አንድ መቶ ስልሳ ስድስት። በልቤ ደመርኩት፤ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት።

አንድ ጎደለ። የት እንደጎደለ ለማወቅ ሒሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። አዴ ጫልቱ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ከጎኗ ያለው ቦታ ላይ ምንም አልተነሣም።

ጎንበስ ብዬ «አዴ፣ ቤቱ…» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። «የእኔን ውሰዱ ቢሉኝ እሰጣለሁ። ዳባ ግን ለወሰደው ሰው እጁን አያነሣም።»

«ስንት ነው?» አለ ካድሬው ከፊት። ጓድ ግርማ በቀጥታ ወደ እኛ ረድፍ ያያል።

እኔ ጀግና አይደለሁም፤ አስቤበትም አልነበረም። ግራ እጄን አነሣሁ።

«አንድ መቶ ስልሳ ሰባት» አልኩ። «ቆጣሪው ራሱን መቁጠር ረስቶ ነው።»

ካድሬው ከት ብሎ ሳቀ። «አስተማሪ! ሰው ሲቆጥር ራሱን ይረሳል!» አዳራሹም አብሮ ሳቀ፤ ለሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሰው ግን ሳቁ አነሰ። ጓድ ግርማ አልሳቀም። እጄ እስክትወርድ ድረስ እያየ ቆየ፤ ከዚያ በቀስታ አጨበጨበ። እናም በወረዳችን ከማንም ያልወገንኩት እኔ ብቻ ለሁለቱም ዕጩዎች ድምፅ ሰጠሁ።

ስንወጣ አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ዝናቡን ተጠልላ ጠበቀችኝ።

«ባርሲሳ» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። «ያ የመጨረሻው እጅ የማን ነበር?»

«የእኔ ነው፣ አዴ።»

«የዳባ አይደለም?»

«አይደለም። የእኔ ነው።»

«እሺ» አለች። አላመሰገነችኝም፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጓድ ግርማ በአንድ መቶ ስልሳ ሰባት ድምፅ የቀበሌው ሊቀመንበር ሆነ። አዴ ጫልቱ ቤቷን አልተነጠቀችም። ቃለ ጉባኤው ግርጌ ላይ፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ «ከስብሰባው የቀረ ሰው የለም» የሚል ሰፍሯል።