ምክትል አሰልጣኙ የተመዘነበት እሑድ

ምክትል የሌለበት ቦታ የለም። እድሩ ምክትል ዳኛ አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ አለው፤ ሰርግ እንኳ ሁለተኛ ሚዜ አለው፣ ፎቶው ላይ ግማሽ ፊቱ ተቆርጦ የሚቀር። ምክትል ማለት ዋናው ሲስቅ የሚስቅ፣ ዋናው ሲቆጣ መሬት መሬት የሚያይ፣ ዋናው ሲያረፍድ ደግሞ "ይመጣል፣ ትንሽ ታገሱት" የሚል ፍጡር ነው። የልደታ ኮንዶሚኒየም ቡድን ምክትል አሰልጣኝ፣ ክቡር አቶ በሱፍቃድ፣ የዚህ ዘር አለቃ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኳሱን መረብ በግራ ትከሻው፣ ውሃውን በቀኝ እጁ ይዞ ከዋናው አሰልጣኝ አንድ እርምጃ ኋላ ኋላ ሄዷል። ስለምንም ነገር ቢጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ "እስቲ ዋናውን ልጠይቅ።" አንድ ቀን ጎረቤቱ ወይዘሮ ሸዋዓለም ደረጃ ላይ አግኝተውት "ይዘንብ ይሆን? ያሰጣሁትን ልብስ ላንሣው?" ቢሉት ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ ዋናውን ፍለጋ ግራ ቀኝ አየ። ልብሱ ራሰ።

እነሆ ያ ዋና አሰልጣኝ ሥራ አገኘና ሐዋሳ ገባ።

የነዋሪዎቹ የስፖርት ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው። ሊቀ መንበሩ ጡረተኛው ጋሽ ተክለኣብ፣ ምድር ቤት ሱቅ ያለው አብዱልፈታህ፣ እንዲሁም "ሴት ትኑርበት" ተብለው የተጨመሩት ወይዘሮ ሸዋዓለም፤ እሳቸው ስብሰባ ላይ ከሰላምታ በቀር ቃል ወጥቷቸው አያውቅም።

"ልጁን እንሹመው፤ ቡድኑን አብሮ ያሳደገ ነው" አሉ ጋሽ ተክለኣብ።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ሱቄ መጥቶ የትኛውን ሳሙና ልግዛ ብሎ ሩብ ሰዓት የሚቆም ሰው ነው" አለ አብዱልፈታህ። "እኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አሰልጣኝ አግኝቻለሁ። የራሱን ምክትል ይዞ ነው የሚመጣው።"

የራሱን ምክትል ይዞ ከመጣ በሱፍቃድ ከሜዳው ተሰናበተ ማለት ነው። ሐሳቡ አንድ ለአንድ ሆነና ሁለቱም ዞረው ወይዘሮ ሸዋዓለምን አዩ። እሑድ አንድ ጨዋታ ይምራ፣ እሳቸው አይተው ይፍረዱ ተባለ።

እሳቸው ስለ እግር ኳስ የሚያውቁት መስኮት እንደሚሰብር ብቻ ነው።

እሑድ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከብሎኩ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ሄዱ። በሱፍቃድ መስመሩ ዳር የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጠላቸው፤ እንዳይሰምጥም ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተተበት። ዋናው አሰልጣኝ ይቀመጥበት የነበረ ወንበር መሆኑን እሳቸው በምን ይወቁ።

ጨዋታው ተጀመረ። ምኑን ማየት እንዳለባቸው ግራ ስለገባቸው ልጁን ልጁን ማየት ያዙ። የአንዱን የጫማ ክር ያጠብቃል። ሌላው ቁርስ እንዳልበላ አውቆ ሙዝ ያቀብላል። "እሱ ላይ ዛሬ እንዳትጮኹ፣ አባቱ ታመዋል" ይላል። ይሄ አሰልጣኝነት ነው ወይስ እናትነት? አላወቁም። ጎል ሲገባ ሰው ሲጮህ ሰምተው አጨበጨቡ፤ የገባው በራሳቸው ቡድን ላይ ኖሯል።

ከእረፍት በኋላ በሱፍቃድ አጎንብሶ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ።

"እማማ፣ ቤካ እያነከሰ ነው። ገዳን ባስገባውስ?"

ቤካ የቱ እንደሆነ አያውቁም፤ ገዳንም አያውቁም። ሰው በትሕትና ሲጠይቅ ግን ዝም አይባልም። እሺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሱፍቃድ ቀና ሲል ሌላ ሰው ሆነ። ድምፁ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ገዳ ገባ፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ አገባ።

ተመልሶ አጎነበሰ። "ተከላካዮቹን ትንሽ ወደፊት ልግፋቸው?" ነቀነቁ። "የመሐሉን ልጅ ወደ ክንፍ ላውጣው?" ነቀነቁ። አንድ ጊዜ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ሳይመልሱለት ቢቀሩ ደርቆ ቆመ፤ ባላጋራም የግቡን ቋሚ መታ። ቶሎ ብለው ነቀነቁለት። ገዳ ደገመና ሁለት ለአንድ አሸነፉ።

"እህስ፣ ለዋናነት ደርሷል?" አሉ ጋሽ ተክለኣብ። አብዱልፈታህም አጠገባቸው ቆሟል።

ወይዘሮ ሸዋዓለም ጭልጥ ያለ ግራ መጋባት ውስጥ ገቡ። ደርሷል እንዳይሉ፣ ሰው ካልነቀነቀለት አይንቀሳቀስም። አልደረሰም እንዳይሉ፣ ሐሳቡ ሁሉ የራሱ ነው። በኮሚቴው ታሪክ የመጀመሪያውን ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

"የቀድሞው አሰልጣኝ ጨዋታ ላይ ምን ይሠራ ነበር?"

ጋሽ ተክለኣብ አሰቡ። "እሱማ... ይቀመጣል። በሱፍቃድ የሆነ ነገር ይለዋል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።"

ሦስቱም ዞረው መረቡን የሚሰበስበውን በሱፍቃድን አዩ።

"እንግዲያውስ ዘጠኝ ዓመት ያሠለጠነው ይኼ ልጅ ነዋ" አሉ ወይዘሮ ሸዋዓለም ቀስ ብለው። አብዱልፈታህ ጢሙን አሻሸ፤ ክርክር ግን አላነሣም።

በሱፍቃድ ተጠራ፤ መሾሙ ተነገረው።

"ምክትልህ ማን ይሁን?" አለው አብዱልፈታህ።

እሱም እንደ ልማዱ አጎነበሰ። "እማማ፣ ማን ቢሆን ይሻላል?"

"እሱን አንተው ወስን፣ ልጄ።"

መረቡን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆመ፤ ቆመ፤ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ቀና አለ።

"እርስዎ ይሁኑልኝ" አለ።

ወይዘሮ ሸዋዓለም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የቡድናቸውንም ማልያ ከባላጋራው ገና አይለዩም። ነገር ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ልጁ ማንንም ሳይጠይቅ የወሰነው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበርና፣ እንዳይበላሽበት ብለው እምቢ ማለት አቃታቸው።