የበሬሳ ጠላቂዎች

የደብረ ብርሃን ብርድ ሲወራ የሚስቅ ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። በታኅሣሥ ማለዳ በሬሳ ወንዝ ዳር ውሰዱትና እግሩን እንዲታጠብ ጋብዙት። ሳቁ እዚያው ያልቃል። እኔ ግን እግሬን ብቻ አይደለም የነከርኩት፤ ከነራሴ ነው የገባሁት። ያውም ለፈተና! ነገርን ነገር ያነሳዋልና እስቲ ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሥራ የለኝም፤ ፍቅር ግን ይዞኛል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ልጅቷ አሰለፈች ትባላለች፤ ጎረቤላ የሚቀድሱት የመምሬ ተክሌ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ስትመጣ ገበያ ላይ አያታለሁ፤ እሷም ታየኛለች። ከዚያ በላይ ምን ይደረጋል? ከዚያ በላይማ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ደግሞ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ሲባል የሚመልሰው ነገር ይፈልጋል።

ይህን ሳሰላስል ነው ጋሽ ደምሴ ከምጽዋ የተመለሰው። የመዘዞ ሰው ነው። በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል፤ ኋላ ወደብ ወርዶ ለአንድ የውጭ አገር ኩባንያ ጠላቂ ሆኖ ሠራ። ጠላቂ ማለት አየር የታጨቀበት ብረት በጀርባው አዝሎ፣ በጎማ ቱቦ እየተነፈሰ፣ ባሕር ውስጥ ገብቶ የመርከብ ሆድ የሚፈትሽ ሰው ነው። ሲነግረን መጀመሪያ ቅጥፈት መስሎን ነበር። ብረቱን አውጥቶ አሳየን። አየሩ አልቋል፤ ብረቱ ግን አለ። የውኃ መነጽሩም፣ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋው የጎማ ጫማውም አለ። «አስተምራለሁ፤ ፈተና ላለፈ ወረቀት እሰጣለሁ፤ በኔ ወረቀት ምጽዋ ሥራ ይገኛል» ሲል እኔና ሽብሩ የሚባል የእነዋሪ ልጅ ተመዘገብን።

ጋሽ ደምሴ ራሱ እንዴት እንደተማረ ልንገራችሁ። አንድ ፈረንጅ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ነክሮ አወጣውና በአሥረኛው ቀን የምስክር ወረቀት ሰጠው። በአሥር ቀን! «ፊደል እንኳ በአሥር ቀን አይለይም» ይላል ጋሽ ደምሴ ነገሩ ትዝ ባለው ቁጥር። ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ሥራ በገባ በሳምንቱ፣ ጆሮውን እንዴት እንደሚጠብቅ በቅጡ ሳይነግሩት፣ በአንዴ ጥልቅ ወረደ። የግራ ጆሮው ያን ዕለት ተቀደደ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የኔን ጆሮ ግን ማን ይለቅምልኛል?» ይለን ነበር። ከዚያ ወዲያ እሱን የፈለገ ሰው በቀኙ ዞሮ ነው የሚያናግረው።

ስለዚህ እኛን እንደ ፈረንጁ ላያስተምረን ማለ። ታዲያ በምን መንገድ ያስተምር? የሚያውቀው ሌላ መንገድ የቤተ ክህነቱ ነው። በቃል! ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ውኃ አላስነካንም። መስኩ ላይ አስቀምጦ ሕጉን በዜማ ያስደግመናል። «ትንፋሽህን አትያዝ። ከአረፋህ ቀድመህ አትውጣ። ጆሮህ ሳይፈቅድ አትውረድ። ብቻህን አትጥለቅ።» አንዲት ቃል ከዘለልን ከመጀመሪያው ነው። አንድ ቀን ሽብሩ፣ «ጋሼ፣ ትንፋሽህን አትያዝ እንላለን፤ ብረቱ ውስጥ አየር የለም፤ ታዲያ ውኃ ውስጥ ምን እንተንፍስ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ደምሴ አልተደናገረም። አየሩን ምጽዋ ትረከባላችሁ፣ እዚህ ሕጉን ያዙ አለን።

ከዜማው በኋላ ደግሞ በሆዳችን ተኝተን እግራችንን ማወራጨት አለ። ዋና መሆኑ ነው። ገበያተኛው ቆሞ ያየናል። አንዲት እናት «እኔን ልጆቼን! ምን በልተው ነው?» ብለው ፌጦ ሊያመጡልን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አልቀሩም፣ አምጥተው አጠጡን። እምቢ ቢባል ማን ይሰማል?

በዚህ መሀል ሽማግሌዎቼ ጎረቤላ ሄዱ። አጎቴ እንደነገረኝ፣ መምሬ ተክሌ ሥራዬን ሲጠይቁ «ጠላቂ ሊሆን ነው» ተባሉ። ምን ውስጥ እንደሚጠለቅ ጠየቁ። ባሕር ውስጥ። ባሕሩ የት እንዳለ ጠየቁ። ምጽዋ። ከዚህ በኋላ መምሬ ጢማቸውን ዳበሱ። በመጨረሻ «ሲፈተን ይጥሩኝ። የፈተናውን ነገር በዓይኔ አይቼ መልስ እሰጣለሁ» ብለው ሸኟቸው።

እኔ ምን ገባኝ? ካለፍኩ አሰለፈችን አገኘሁ፤ ከወደቅኩ አጣኋት። ሌላ ትርጉም ያለው አልመሰለኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕጉን በእንቅልፌም ሳይቀር ማነብነብ ጀመርኩ።

የፈተናው ዕለት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። መምሬ ተክሌ ከነጃንጥላቸው በበቅሎ መጥተዋል። ጋሽ ደምሴ የማረሻ ብረት ከድልድዩ በታች ካለው ጥልቅ ውኃ ውስጥ ጣለ። ያንን ይዞ የወጣ አለፈ። ሽብሩ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮለት ገባ፤ ጠለቀ፤ ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ ጠቁሮ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ማረሻውን ከፍ አድርጎ ወጣ። ሰዉ እልል አለ።

ተራዬ ሆነ። መጀመሪያ ሕጉን አንዲት ሳልገድፍ ተወጣሁት። መምሬ ሳይቀሩ «ይሄ ልጅ ዜማ ቢማር ኖሮ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ገባሁ። ጉልበቴ ድረስ ደህና ነኝ። ወገቤ ላይ ሲደርስ የሰባት ወር ትምህርት ጠፋኝ። ራሴን ስነክር ደረቴ ላይ ሰንሰለት ያሰሩብኝ መሰለኝ። አንድ የዛፍ ሥር እጄን ነካኝ። አዞ ነው ብዬ ጮኼ ወጣሁ። በሬሳ ውስጥ አዞ! ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ከመጀመሪያው ባሰ። ሦስተኛ ልሞክር ብል እግሬ እምቢ አለኝ። ፈራሁ። ምን ይደበቃል፣ ፈራሁ።

ጋሽ ደምሴ ጋቢ አለበሰኝና «ወደቅህ» አለኝ። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ለመንኩት። ጋሼ ስለ ወላዲተ አምላክ፣ ዝም ብለህ ጻፍልኝ፣ ምጽዋም አልሄድም፣ ላሰለፈች አባት ብቻ ነው የማሳየው አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይወደኝ ነበር።

«በግራዬ ነግረኸኝ ቢሆን አልሰማሁም ብዬ እገላገል ነበር» አለኝ። «በቀኜ ነው የነገርከኝ። ሰምቻለሁ፤ አልጽፍም። ወረቀት እግር አለው፤ አንድ ቀን ይዞህ ባሕር ይገባል። ገዳይህ ያን ጊዜ እኔ ነኝ።»

እኔ ሣሩ ላይ ተቀምጬ አነባሁ። አሰለፈች ሄደች አልኩ። መምሬ ተክሌ ቀስ እያሉ መጡና በጋሽ ደምሴ ቀኝ ቆሙ።

«ወደቀ ማለት ነው?»

«ወደቀ፣ አባቴ።»

«ዳግመኛ ቢፈተንስ?»

«ይህ ልጅ እስከ ዕለተ ሞቱ አይጠልቅም።»

«በል እሱን ጻፍልኝ» አሉ መምሬ።

«ምኑን?»

«መጥለቅ እንደማይችል። በማኅተም።»

ጋሽ ደምሴ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ፤ ማኅተሙንም መታበት። መምሬ ወደኔ ዞሩ። ያለቻቸው ሴት ልጅ አንድ መሆኗን፣ ያሳደጓት ቆላ ወርዳ ንዳድ እንዲበላት አለመሆኑን ነገሩኝ። ካለፍኩ ላይሰጡኝ ቆርጠው ነበር የመጡት። «እንድትወድቅ ለማርያም ጧፍ ተስዬ ነበር፤ ሰማችኝ» አሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ። እንግዲህ ሽማግሌ ከተላከ ወዲህ እኔ ባንድ በኩል ለማለፍ ስጸልይ፣ እሳቸው በሌላ በኩል ለመውደቄ ሲሳሉ፣ ማርያም ማንን ትስማ? የባለ ጧፉን ሰማች።

ሰርጋችን በጥር ሆነ። ሽብሩ በወረቀቱ ምጽዋ ገብቶ ሥራ ያዘ። በየዓመቱ ደብዳቤ ይጽፍልን ነበር፤ ሁለቱም ጆሮው እስከ መጨረሻው ደህና ነበረ። ጋሽ ደምሴ ይህን በሰማ ቁጥር ፈረንጁ የነሳውን ጆሮ ያስመለሰ ያህል ደስ ይለው ነበር። እኔ የብርድ ልብስ ንግድ ጀመርኩ። የብርድ ልብስ ዋጋ እንደኔ የገባው ነጋዴ የት ይገኛል?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አሰለፈች ያን ወረቀት ከሰርጋችን ፎቶግራፍ ጎን ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ እኔን ታስቆመኝና ታነበዋለች፦ «ከዚህ በላይ ስሙ የተጠቀሰው ሰው ሰባት ወር በትጋት ተምሮ፣ ሕጉን በቃሉ ይዞ፣ ነገር ግን መጥለቅ ፈጽሞ የማይችል መሆኑን በማኅተሜ አረጋግጣለሁ።» እንግዳው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ስንት የምስክር ወረቀት አይቻለሁ፤ ሐኪም ነው የሚል፣ ግንበኛ ነው የሚል፣ ሾፌር ነው የሚል። ወረቀቱ እውነት ይናገር አይናገር እግዜር ይወቅ። የኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልዋሸም።