የመርማሪ ሚስት ምርመራ

ባል ሩቅ ሲሆን ሚስት የማትሆነው ነገር የለም። አባት ትሆናለች፣ አምፖል ቀያሪ ትሆናለች፣ የቧንቧ ውኃ እስኪመጣ ጀሪካን ደርድራ የምትጠብቅ ዘበኛ ትሆናለች። ይህን ሁሉ ሆኜዋለሁ፣ ተመስገን። አንዱን ግን ባልሆነው ይሻለኝ ነበር፤ መርማሪ። የራቃችሁ ሰው ካለ እናንተም ታውቁታላችሁ። ናፍቆት ብዙ ሲቀመጥ ይሻግታል። የሻገተ ናፍቆት ጥርጣሬ ነው። እንጀራ ቢሻግት ለከብት ይሰጣል፤ ይሄንን ለማን ይሰጡታል?

ባለቤቴ አለባቸው መርማሪ ፖሊስ ነው። እውነተኛው መርማሪ እሱ ነው ማለት ነው። የሚሠራው ከዛሪማ ዘለቅ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ እኔ የሦስት ዓመት ልጃችንን ቤዛን ይዤ አራዳ፣ እትየ ዘውድነሽ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ካየነው ስምንት ወር አልፎናል። ስልኩ ተራራ ሲወጣ ይሠራል፣ ሲወርድ ይሞታል። ስደውል ያቺ ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት ትቀድመኛለች። አሁን ልታገኚው አትችይም ትለኛለች፣ ረጋ ብላ። ለመሆኑ እሷ እንዴት አወቀች? አጠገቡ የተቀመጠች እኮ ነው የምትመስለው!

በኅዳር መጨረሻ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ደውሎ ጠራኝና መናኸሪያ ሄጄ አንድ ቢጫ ጀሪካን ማር ተቀበልኩ። ከነሰፈፉ። ክዳኑን ቤት ወስጄ ስከፍተው ክፍሉ ሁሉ አበባ አበባ አለ። ደብዳቤ የለ፣ ምን የለ። ሾፌሩም “ከአለባቸው ነው” ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ደስ አለኝ። ለእትየ ዘውድነሽ በብርጭቆ ቀንሼ ወሰድኩላት፤ “ባል እንዲህ ነው እንጂ!” ብላ እስኪበቃኝ መረቀችኝ። ያ ደስታ የቆየው እስከ እሑድ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ሁሉ እትየ ዘውድነሽ ቤት ተሰብስቦ የትርጉም ፊልም ያያል። የትርጉም ፊልም ታውቁ የለ? ፈረንጆቹ እያወሩ አንድ የእኛ ሰው መሐላቸው ይገባና የሁሉንም አፍ ይወስዳል። የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የሕፃኑንም ይናገራል። ሲያዝን ይመርቃል፣ ሲናደድ ይሳደባል። አንዳንዶች ይህን ሰውዬ አይወዱትም። እኔ ግን ውለታው አለብኝ፤ ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ ተከትዬ ባነብ፣ አንዱን ቃል ስጨርስ ሰዎቹ ሞተው ተቀብረዋል።

የዚያን ዕለቱ ፊልም የአንድ ሌባ መርማሪ ታሪክ ነበር። ሰዓቱን የተሰረቀ ሰው መጥቶ ቃሉን ሲሰጥ፣ የተሰረቀው ሰዓት መርማሪው እጅ ላይ ነው። እሱኑ አየት አድርጎ “ቃሉን የሰጠው በአራት ሰዓት” ብሎ ይጽፋል። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በኋላ አለቃው ሌባውን ፈልገህ አምጣ ሲለው ቢቸግረው ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጦ ራሱን ይመረምር ጀመር። አንዱ ወንበር ላይ ሆኖ ይቆጣል፣ ዘሎ ሌላው ላይ ሆኖ ይክዳል። ተርጓሚያችን የሁለቱንም ሲናገር ላብ በላብ ሳይሆን አልቀረም። ሰውዬው ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ስትደውልለት “ሥራ በዝቶብኝ ነው” ይላታል፤ ስልኩን ዘግቶ ደግሞ የሰረቀውን ብስኩት እየበላ ያለቅሳል። ፍርፋሪው ከእንባው ጋር ይወርዳል። ሁሉም ይስቃል። እኔ መሳቁን ትቼዋለሁ። “ሥራ በዝቶብኝ ነው” የምትለዋን እኔም በደንብ አውቃታለሁ።

ይባስ ብሎ ፊልሙ ወደ ኋላ ተመለሰና ይህ ሰው ድሮ ሸጋ ፖሊስ እንደነበረ አሳየን። ያበላሸው አንድ ሳጥን ብርቱካን ነው። አንድ ነጋዴ “ለልጆችህ” ብሎ ቤቱ ድረስ ላከለት። ተርጓሚው ይሄኔ ራሱን መግዛት አቃተው። “ወገኖቼ፣ እንዲህ ነው የሚጀመረው! ዛሬ ብርቱካን፣ ነገ ፎቅ!”

ብርቱካኑ ለእኔ ቢጫ ጀሪካን ሆኖ ታየኝ።

“ምነው ፊትሽ?” አለች እትየ ዘውድነሽ፤ “አንቺን ነው እንዴ የሚያስሩሽ?”

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ ከየት ይምጣ። አለባቸው መሬት የለው፣ ቀፎ የለው፣ ማር ከየት አመጣ? ደሞዙን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ማር የሚገዛ አይደለም። ባለፈው በቪዲዮ ሲደውል ደግሞ ካሜራውን አልከፍትም አለ። “ተበላሽቷል” አለኝ። ደህና ስልክ በአንድ ሳምንት ተበላሸ? ወይስ ከኋላው የማላውቀው ቤት፣ የማላውቀው ሶፋ አለ? “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚባለውን ሰዎች እንደ ምክር ሲናገሩት ሰምቻለሁ፤ ለእሱም የነገረው ይኖራል። ደግሞ እላለሁ፣ አለባቸው እኮ ቀሚሴ ላይ የተገኘ የሰው መርፌ ቁልፍ ባለቤቷን ፈልጌ እንድመልስ ያደረገ ሰው ነው። መልሼ እላለሁ፣ የፊልሙም ሰው ድሮ ሸጋ ነበር።

ቤዛ በዚያው ሳምንት ጉንፋን ያዛትና ማሳል ጀመረች። ማሩ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሏል፣ ልጄ ከሥሩ ታስላለች። እትየ ዘውድነሽ “በሎሚ አድርገሽ አትሰጫትም? ማር እያለሽ!” ትለኛለች። እንዴት ብዬ ልስጣት? የአንድ ደሃ እንባ ያረፈበት ቢሆንስ? እናት ሆናችሁ የምታነቡ ትረዱኛላችሁ። ለራሴ ቢሆን እልሰው ነበር። ለልጅ ግን የሰው እንባ አይቀላቀልም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔ የባሰውን አደረግኩ፤ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ።

አባ ወልደ ኪዳን የሁለታችንም የነፍስ አባት ናቸው። ያጋቡን እሳቸው፣ ቤዛን ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። አለባቸው ኃጢአት ቢኖርበት ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ምስክር ከተገኘ መጠየቅ ነው አልኩ። ባዶ እጄን ደግሞ እንዴት እሄዳለሁ? ቤዛን ለእትየ ዘውድነሽ ትቼ ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

አባን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩ። ዙሪያውን ስዞር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ሳወራ ቆየሁና በመጨረሻ አወጣሁት።

“አባ፣ አለባቸው ባለፈው መጥቶ ንስሐ ሲገባ… ስለ ሥራው… ስለ እጅ መንሻ… ያነሳው ነገር ነበር?”

ቀና ብለው አዩኝ። ቀጥሎ ጀሪካኑን አዩት። ክዳኑን ከፈት አድርገው አሸተቱ።

“ሸጋ ማር ነው” አሉ። “ለማን ነው?”

“ለእርስዎ ነው አባ።”

“ለእኔ ነው ወይስ ለጥያቄው?”

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

“ልጄ፣ ባልሽ ጉቦ በልቶ እንደሆነ ለማወቅ ለነፍስ አባትሽ ጉቦ ይዘሽ መጣሽ!” ሳቃቸው ሆዳቸውን ነቀነቀው። ወዲያው ኮስተር አሉ። “ንስሐ የጣቢያ ወረቀት አይደለም፤ አይገለበጥም። እሱ የነገረኝን ለአንቺ ብነግር፣ አንቺ አሁን የነገርሽኝንስ ለማን ልንገር?”

“ፈርቼ ነው አባ። ልጄ እያሳለች ማሩን አልሰጣት አልኩ።”

“ከጠረጠርሽው እሱን ጠይቂው። ማሩ ምን አደረገሽ?” አርባ ስግደት አዘዙኝና ጀሪካኑን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እንግዲህ በዚህ ማር ምክንያት ከቤታችን እስካሁን ኃጢአት ሠርታ የተገኘችው እኔ ብቻ ነኝ።

አፍሬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ጀሪካኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ፒያሳ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። አለባቸው! የስልኬ ማዳመጫ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ድምፁ ካልተለቀቀ አይሰማም። ሾፌሩ ሸበቶ ሰው ነው፤ ወዲያው ሙዚቃውን ዘጋው። ለእኔ አዝኖ መሰለኝ። ለካ እሱም ሊሰማ ነው።

“ትሰሚኛለሽ? ተራራው ላይ ነኝ። ማሩ ደረሰሽ?”

“ደርሷል። ከየት የመጣ ነው?”

“ከንብ።”

ሾፌሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

“በቤዛ ይዤሃለሁ አለቤ፤ ማን ሰጠህ? ምን ፈልጎ ሰጠህ?”

የተራራው ነፋስ ስልኩን ሞላው።

“ምነው፣ ምርመራ ነው እንዴ?”

“አዎ!”

ተናዘዘ። በኅዳር መጀመሪያ አምስት ቀን ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ለእኔ ፈቃድ ከለከሉኝ ያለኝ ውሸቱን ነው። ሊያስደነግጠን ፈልጎ ሳይነግረን ተነሥቶ ሊማሊሞ ሲደርስ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል። ሁለት ቀን እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ጠበቀ። አልተከፈተም። የተገለበጠ መኪና ስሰማ የማልተኛ መሆኔን ስለሚያውቅ ነገሩን ዋጠው። ተመልሶ የቀረውን ቀን ከአከራዩ ከአያ ደሴ ጋር ማር ሲቆርጥ ከረመ፤ አያ ደሴ ለጉልበቱ ድርሻውን ሰጡት።

“ካሜራውስ?”

“ፊቴን ንብ ነድፎኝ ዱባ አክዬ ነበር። ቤዛ ብታየኝ ኖሮ ትጮህ ነበር።”

“ጥፋተኛዋ ንቧ ናት!” አለ ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ።

“ያ ማነው?” አለ አለባቸው፣ ድምፁ ተለውጦ። ይኸው! ጥርጣሬ ለእሱም ደረሰው።

“የባጃጅ ሾፌር ነው” አልኩት።

አመንኩት። ማስረጃ አለሽ ወይ ብትሉኝ የለኝም። ግን እፎይ ማለት ሲገባኝ ሌላ ነገር መጣብኝ። ሰውዬው ለካ ግማሽ መንገድ መጥቶልኝ ነበር! ሁለት ቀን ሙሉ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ያ አፋፍ ላይ ተቀምጧል። እኔ በእነዚያ ሁለት ቀናት ምን እየሠራሁ ነበር? አንዱን ቀን አንሶላ ሳጥብ ውያለሁ መሰለኝ። ምን አለ ያን ጊዜ ልቤ ቢነግረኝ! ክፉውን ቶሎ የሚነግረኝ ልብ፣ ይሄን ጊዜ ዝም አለ። የተቀበልኩት ማር ከእኛ ጋር ሊያሳልፋቸው የነበሩት ቀኖች ነው። ከማሩ ይልቅ ቀኖቹን ብቀበል፣ ብልስ በወደድኩ።

“አንድ ጥያቄ ቀረኝ” አልኩት። “ናፍቀንሃል?”

ፒያሳው ሁሉ ጆሮ የሆነ መሰለኝ። አለባቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

“ቃሌን እንዴት ልስጥ? በስልክ ነው በጽሑፍ?”

“በአካል ቀርበህ።”

እሺ ይበል አይበል አልሰማሁም፤ መስመሩ ተቋረጠ። “አይዞሽ፣ ይመጣል” አለኝ ሾፌሩ። ቤት ገብቼ ለቤዛ በሎሚ አድርጌ አንድ ማንኪያ ሰጠኋት። ከንፈሯን ላሰችና ከማን ነው አለችኝ። ከአባትሽ አልኳት። እሱስ መቼ ይመጣል አለችኝ። የፖሊስ ልጅ አይደለች፣ ጥያቄዋ አያልቅም።

ይኸው ጥር ገባ። ተጠርጣሪው አልቀረበም። እኔም መዝገቡን አልዘጋሁም።