ጋሼ ፍሰሐ ዱላ ሲመርጡልሽ

የሚበጅህን ከአንተ በላይ የሚያውቅልህ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለአሰላ የደረሷት ጋሼ ፍሰሐ ናቸው።

ከመምህርነት ጡረታ ቢወጡም ማስተማሩ አልለቀቃቸውም። ጫማ ስትገዛ ቁጥርህን የሚነግሩህ እሳቸው፣ የሙሽራ ሱፍ የሚመርጡ እሳቸው። በሽተኛ ሊጠይቁ ሄደው እንኳ ትራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጉና «እንዲህ ነው የሚመችህ» ይላሉ። በሽተኛው አልተመቸኝም ካለ መልሳቸው ዝግጁ ነው። «ገና አልለመድከውም!»

አንድ የስንዴ ፕሮጀክት ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ የራሱንና የሚስቱን የጎልፍ ዱላዎች ትቶ ሄደ። የእሱ ረዣዥም፣ እጀታቸው ጥቁር፤ የእሷ አጠር ቀለል ያሉ፣ እጀታቸው ሮዝ። ማንም ሳይመርጣቸው የከተማው የጎልፍ ቡድን ሰብሳቢ የሆኑት ክቡር ጋሼ ፍሰሐ ወዲያው ፈረዱ። «ጥቁሩ ለወንድ፣ ሮዙ ለሴት። አለቀ!»

ስንዴ ታጭዶ ከብት ሲለቀቅበት የኦቦ ሊበን ማሳ የጎልፍ ሜዳ ይሆናል። ጉድጓዱ መሬት ውስጥ የተቀበረ የቲማቲም ቆርቆሮ ነው። ችግሩ የሆስፒታሏ ነርስ ሲፈን ናት፤ በር ስታልፍ ጎንበስ የምትል ረዥም ሴት። ሮዙን ዱላ ስትይዝ ድንች የምትቆፍር ትመስላለች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያጥረኛል። ወገቤን ጨረሰው።»

«ጉልበትሽን እጠፊያ!»

«ከዚህ በላይ ካጠፍኩማ ልቀመጥ ነው።»

«ገና አልለመድሽውም!»

ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ከአዳማ እንግዶች ጋር ውድድር ተቀጠረ። ሲፈን ልትጫወት ቆርጣለች፤ ቆርጣ ደግሞ የምትመለስ ሰው አይደለችም። ከአዳር ሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ማሳው እየሄደች ኦቦ ሊበን ቤት ከሚቀመጠው ቦርሳ ጥቁሩን እያወጣች ተለማመደች። መጀመሪያ ኳሶቹ ሁሉ የገለባ ክምር ውስጥ እየገቡ፣ ኦቦ ሊበን ለላሞቻቸው ገለባ በሰጡ ቁጥር ኳስ ለቀሙ። ቆይቶ ግን ክምሩን አልፈው ከማሳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ያርፉ ጀመር።

አንድ ማለዳ ጋሼ ፍሰሐ ከኋላዋ ቆመው አገኘቻቸው።

«ጥቁሩን ማን ሰጠሽ?»

«ራሴ ወሰድኩት። እሁድም በእሱ ነው የምጫወተው። ካልሆነ ይቅርብኝ።»

ዱላውን ከጫፍ እስከ እጀታው፣ እሷንም ከእግር እስከ ራሷ አይተው ሄዱ። ጋሼ ፍሰሐ ሳይመክሩ የሄዱበት ቀን የለምና ሲፈን ደነገጠች። ከቡድኑ ሊያስወጡኝ ነው ብላ ስትብሰለሰል ሰነበተች።

እሁድ ሲደርስ፣ የእንግዶቹ አለቃ ዕዝራ ጥቁሩን ዱላ በእጇ አይቶ ሳቀ።

«እህቴ፣ የሴት ዱላ የላችሁም እንዴ?»

ሲፈን አፏን ሳትከፍት ጋሼ ፍሰሐ መሃል ገቡ። «የምን የሴት ዱላ? ዱላ የሚመረጠው በቁመትና በክንድ ነው! ስንት ዘመን ለፈለፍኩ እኮ!» ዞር አሉባት። «አልነገርኩሽም?»

ምላሷ ላይ ጥሩ መልስ ነበራት። ግን ደረታቸውን ነፍተው ከፊቷ የቆሙላትን አጭር ሽማግሌ ስታይ አንጀቷ ራሰ።

«ነግረውኛል፣ ጋሼ።»

ወገቧን ቀጥ አድርጋ ቆማ መታች። ኳሱ ክምሩን ዘልሎ ሄደ።

የጋሼ ፍሰሐ ተራ ደረሰ። ግራ ቀኝ አይተው ከቦርሳው አጭሩን ሮዝ ዱላ መዘዙ። ጥቁሩ እየከበደ ትከሻቸውን እንደሚያማቸው ከነርሷ ከሲፈን በቀር ማንም አያውቅም። መቱ፤ ኳሷ ተንከባልላ ቆርቆሮው አጠገብ ቆመች። በሕይወታቸው እንዲህ መትተው አያውቁም።

«ተመቸዎት፣ ጋሼ?» አለች በሹክሹክታ።

እጀታውን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉት።

«ገና አልለመድኩትም።»